የሚሄደው ጉድጓድ፦ ሃምባኽ የከሰል ማውጫን ለማየት የሄደ ሰው ምን ያያል?

አጎቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ ኮሎኝ ድረስ መጥተው ነበር። ካቴድራሉን አየን። ራይን ወንዝ ዳር ተንሸራሸርን፣ ቸኮሌት ሙዚየምም ገባን። በሦስተኛው ቀን ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ሪሞት ማገላበጥ ጀመሩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ገልባጭ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት አሸዋ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ ሲያመላልሱ ነው። እና ድንገት ሐሳብ መጣልኝ።

«ነገ ጉድጓድ ላሳይዎት» አልኳቸው።

«የምን ጉድጓድ?»

«የድንጋይ ከሰል።»

ዝም ብለው አዩኝ። ይሄን ሁሉ ሰዓት በአውሮፕላን የመጣሁት ጉድጓድ ላይ ነው እንዴ የሚል አስተያየት ነበር። ደግነቱ እንግዳ ናቸው፣ እምቢ አላሉም።

ከኮሎኝ ወደ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኤልስዶርፍ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ቴራ ኖቫ የሚባል መመልከቻ ቦታ አለ። መኪና ማቆሚያ አለው፣ ሻይ ቡና የሚባልበት ቤት አለው፣ ለመግባት አይከፈልም። አጥሩ ጋ ስትደርሱ መሬቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሃምባኽ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታያችሁም። ብዙ ሰው አምስት ደቂቃ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ «ይኼው ነው?» ብሎ ይመለሳል። ጥፋቱ የዓይን ነው። ዓይናችን ትልቅነትን የሚለካው በሚያውቀው ነገር ነው። ዛፍ ሲያይ፣ ቤት ሲያይ፣ ሰው ሲያይ «እህ፣ ይሄን ያህል ነው» ይላል። እዚያ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ያለው ቢጫ፣ ግራጫና ቡናማ አፈር ነው፣ በእርከን በእርከን የተቆረጠ። ጋሼም «የእኛ አገር ገበሬ የሚሠራውን እርከን ይመስላል» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ታች ቀሰሩ።

«ያቺ ቢጫ ጉንዳን ምንድን ናት?»

መኪና ናት። ፒክአፕ መኪና። ይሄን ሲሰሙ አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጉድጓዱን ማየት የጀመሩት ያኔ ነው።

አሁን ቁጥሩን ልንገራችሁ። ተከፍቶ የሚታየው ስፋት ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ 400 ሜትር ገደማ ደርሷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አዲሱ ሕንፃ 209 ሜትር ያህል ነው። እንደሱ ያሉ ሁለት ሕንፃዎች ደራርባችሁ ወለሉ ላይ ብታቆሙ፣ የላይኛው አናት ብቻ ከአፋፉ ትንሽ ብቅ ይላል። ወለሉ ከባሕር ጠለል በታች ወደ 300 ሜትር ነው። ዳናኪል እንኳ በዝቅተኛው ቦታው 125 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ፣ ዳናኪልን ተፈጥሮ ሠራችው። ይሄን የሠራው ሰው ነው፣ ያውም ከ1978 ወዲህ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በምን ቆፈሩት? እዚህ ላይ ድማሚት የለም፣ ገልባጭ መኪናም የለም። ከሰሉን የሸፈነው ነገር አለት አይደለም፤ አሸዋ፣ ጠጠርና ሸክላ አፈር ነው። ስለዚህ መፈንዳት አያስፈልገውም፣ መፋቅ ነው። የሚፍቀው ማሽን ከፊቱ ትልቅ መዘውር አለው። መዘውሩ ከ21 ሜትር በላይ ነው፣ ማለት ከሰባት ፎቅ ቤት አያንስም። ዙሪያውን ጥርስ ያላቸው ባልዲዎች ተደርድረውበታል። ሲዞር ባልዲዎቹ የአፈሩን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ እየፋቁ ይሞላሉ፣ ላይ ሲደርሱ ውስጥ ያለ ኮንቬየር፣ ማለት ዕቃ ተሸክሞ የሚሽከረከር ረጅም ቀበቶ ላይ ይደፋሉ። ማሽኑ እንደ ዶዘር በሰንሰለት እግር ነው የሚንቀሳቀሰው። ከእነዚህ ማሽኖች ትልቁ፣ 293 ቁጥር፣ 14,200 ቶን ይመዝናል። ቁመቱ 96 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ220 ሜትር በላይ ነው። በራሱ እግር የሚሄድ ከዚህ የሚከብድ ነገር በምድር ላይ አልተሠራም።

ነዳጅ አይቀዳም። በወፍራም ገመድ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው የሚበላው። ታላቅ ወንድሙ የሆነው 288 ቁጥር ብቻውን 16.5 ሜጋ ዋት ይፈልጋል። የእኛ አባ ሳሙኤል ማመንጫ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ይሄ አንድ ማሽን ሁለት አባ ሳሙኤል ተኩል ይውጣል ማለት ነው፣ ከሰል አውጥቶ ኤሌክትሪክ ለመሥራት።

ጋሼ ግን ስለ ቶንና ስለ ሜጋ ዋት ግድ አልነበራቸውም። «በቀን ስንት ኩብ ያነሳል?» አሉ።

«በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 240 ሺህ ሜትር ኩብ።»

«አንድ ሲኖ 16 ኩብ ነው» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ካልኩሌተሩን ከፈቱ። ለ16 አካፈሉ። አንዴ አይተው ደገሙት። 15 ሺህ ሲኖትራክ በቀን። ለ24 ሰዓት፣ ከዚያ ለ60 ደቂቃ አካፈሉ። «በደቂቃ 10 ሲኖ!» አሉ፤ ስልኩን አስጠግተው አሳዩኝ። «እኔ አንድ ሲኖ ለማስጫን ስንት ሰዓት ስሰለፍ ኖርኩ።» ይሄ ሁሉ የአንድ ማሽን ሥራ ነው፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት።

አሁን ወደ ከሰሉ። አማርኛችን ትንሽ ያደናግራል። ከሰል ስንል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ጀበና የሚጣድበት ነው። እሱ ትናንት የተቆረጠ ዛፍ ነው፣ በጭስ ታፍኖ የተሠራ። ይሄኛው ከ10 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያለፈው ረግረግ ነው። ያኔ አካባቢው ሞቃትና ውሃማ ጫካ ነበር። ዛፉ እየወደቀ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየር ስለማያገኝ ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም። በላዩ ሌላ ይወድቃል። ከዚያ ባሕርና ወንዝ አሸዋ እያመጡ ከላይ ከመሩበት። ክብደቱ ውሃውን ጨመቀ፣ እንጨቱ ጠቆረ። ግን ገና ሙሉ ጥቁር ድንጋይ አልሆነም። ለዚህ ነው ጀርመኖች ቡናማ ከሰል የሚሉት፣ በሳይንሱ ስም ሊግናይት። ከእንጨት ወደ ድንጋይ ከሰል ሲሄድ መንገድ ላይ የተያዘ ነገር በሉት። አንዳንዱን ስታዩት የግንዱ መስመር እንኳ አልጠፋም።

ይሄ ከሰል አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ከጥቁሩ ከሰል ጋር ሲነጻጸር ሙቀቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። እርጥብ እንጨት ተሸክሞ ሩቅ ገበያ እንደመሄድ ነው፣ አያዋጣም። ስለዚህ ከሰሉ ወደ ውጭ አገር አይሸጥም። ማመንጫው ነው ወደ ከሰሉ የሚመጣው። በጉድጓዶቹ ዙሪያ እነ ኒደራውሰም፣ ኖይራትና ቫይስቫይለር የሚባሉ ማመንጫዎች ተተክለዋል፤ ኩባንያው የራሱ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ነው ከሰሉን የሚያመላልሰው። ኩባንያው አር ቬ ኤ ይባላል። ሃምባኽ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹ ጋርትስቫይለርና ኢንደንም የእሱ ናቸው።

አሁን የነገሩ ልብ ጋ ደረስን። ጎብኚ ሁሉ «ትልቅ ጉድጓድ» ብሎ ይመለሳል። እኔ ደግሞ አራት ጊዜ ሄጄ ነው የገባኝ። ይሄ ጉድጓድ ቆሞ አይጠብቅም፤ ይሄዳል።

ሰፈር ውስጥ የውሃ ቧንቧ ሲቀበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሠራተኞቹ ከፊት እየቆፈሩ ከኋላ እየሞሉ ነው የሚሄዱት። ቦዩ ርዝመቱ ያው ነው፣ ግን ጠዋት በእናንተ በር ነበር፣ ማታ በጎረቤት በር ነው። ሃምባኽም እንደዚያ ነው። አንድ ቶን ከሰል ለማውጣት ስድስት ሜትር ኩብ ያህል አፈር መነሳት አለበት። ያ ሁሉ አፈር የት ይሂድ? ኮንቬየር ላይ ተጭኖ ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ ከሰሉ አልቆ ባዶ ወደቀረው ወገን ይሻገራል። እዚያ ረጅም ክንድ ያለው ሌላ ግዙፍ ማሽን ይጠብቀዋል፣ እየተዟዟረ ይደፋዋል። በአንዱ ወገን ይቆፈራል፣ በሌላው ይደፈናል። መሀል ያለው ክፍተት ነው ጉድጓድ ብለን የምናየው። ሃምባኽ ከሰሜን ምዕራብ ተነስቶ ለአርባ ዓመታት ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሄድ ኖሯል።

አንድ ጥያቄ ይነሳል። መጀመሪያ ሲጀመር፣ ከኋላ የሚሞላ ባዶ ቦታ ሳይኖር፣ የመጀመሪያው አፈር የት ሄደ? መልሱ ከመመልከቻው ማዶ ይታያል። በዚያ ሜዳ አገር ላይ አንድ ደን የለበሰ ተራራ አለ። ዞፊየንሆሄ ይባላል። ከሜዳው 200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሰው የእግር መንገድ እየተከተለ ይወጣዋል፣ እሑድ ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል። ያ ተራራ የጉድጓዱ አፈር ነው። ጋሼ አላመኑኝም። «ዛፉስ?» አሉ። የተተከለ ነው።

የሚሄድ ጉድጓድ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይበላል፣ መንገድም ቢሆን። በጋርትስቫይለር በኩል ያለው ነገር ለማመን ይከብዳል። ኤ 44 የሚባለው አውራ ጎዳና ጉድጓዱ መንገድ ላይ ስለነበር ተቆፍሮ ጠፋ፤ መኪናው ሁሉ ወደ ኤ 61 ዞረ። ጉድጓዱ ካለፈ በኋላ ኤ 44 በተሞላው አፈር ላይ እንደገና ተሠራ፣ በ2018 ተከፈተ። በተራው ደግሞ ኤ 61 ተቆፈረ። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚነዳ ሰው ድሮ ከሥሩ ከሰል የነበረበት፣ አሁን የተደፋ አፈር ላይ ነው የሚሄደው። ማሽኖቹም ይዛወራሉ። በ2001 288 ቁጥር ከሃምባኽ ወደ ጋርትስቫይለር 22 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄደ። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ኤርፍት የሚባለውን ወንዝ፣ አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ አቋርጦ። ፈቶ ከመገጣጠም በእግሩ ማስኬዱ ይረክሳል ተብሎ ነው።

ከመንገድ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው።

በአማርኛ «የልማት ተነሺ» የምንለው ቃል እዚህ ያለምንም ማስተካከያ ይሠራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት በዚህ አካባቢ ለከሰል ሲባል ከ40 ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። የጀርመን የማዕድን ሕግ ለኃይል አቅርቦት ሲባል መሬትን በካሳ መውሰድ ይፈቅዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ አዲስ መንደር ይሠራል። ስሙ የድሮው ይሆናል፣ ከኋላው «አዲሱ» የሚል ይቀጠልለታል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አብሮ እንዲሄድ ይሞከራል። መቃብር ሳይቀር ይዛወራል። ከዚያ ድሮው መንደር መስኮቱ በጣውላ ይታሸጋል፣ ይፈርሳል፣ ማሽኑ ይመጣል። ኢመራት የምትባለው መንደር ባለ ሁለት ማማ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነበራት፣ ሰዉ «ካቴድራላችን» ይላት ነበር። በጥር 2018 ፈረሰች።

ይሄን ስነግራቸው ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ታቦት የገባበት ቦታ አይፈርስም» አሉ። የእነሱ ሥርዓት ሌላ ነው፣ ሕንፃው ከመፍረሱ በፊት በጸሎት ከቅድስናው ይለቀቃል። አስረዳኋቸው። መልስ አልሰጡም።

ሁሉም ግን ዝም ብሎ አልተነሳም። በሃምባኽ በኩል ጥንታዊ ደን ነበር። አብዛኛው ደን ተመንጥሮ አልቋል። ከ2012 ጀምሮ ወጣቶች የቀረው ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርተው መኖር ጀመሩ። በ2018 መስከረም ፖሊስ ሊያወርዳቸው ገባ። በዚያ መሀል አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ከዛፎቹ መካከል ወድቆ ሞተ። በጥቅምት መጀመሪያ ፍርድ ቤት ምንጠራው እንዲቆም አዘዘ። የቀረው ደን ዛሬም ቆሟል። በጋርትስቫይለር በኩል ደግሞ ሉትሰራት የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች፣ በጥር 2023 በፖሊስ ኃይል ተለቀቀች። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መንግሥትና ኩባንያው የዚህ አካባቢ ከሰል በ2038 መሆኑ ቀርቶ በ2030 እንዲያበቃ ተስማምተው ነበር። አምስት መንደሮች በዚያ ስምምነት ተረፉ። ተረፉ ስላችሁ ግን ቤቱን ማለቴ ነው። አብዛኛው ነዋሪ አስቀድሞ ወጥቷል። በሃምባኽ በኩል ያለችው ሞርሽኒኽም እንዲሁ ናት፤ ሰው ከወጣላት በኋላ «አትፈርሺም» ተባለች።

ከመመልከቻው የማይታይ፣ ግን ያለሱ ጉድጓዱ የማይኖር ነገር ደግሞ ውሃ ነው። ጉድጓድ ስትቆፍሩ ውሃ ይመጣል። 400 ሜትር አሸዋ ስትቆፍሩማ አስቡት። ውሃው ከሥር ቢገፋ ወለሉ ይፈነዳል፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቁፋሮው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ዙሪያውን የውሃ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ፓምፕ ቀን ከሌት የከርሰ ምድር ውሃውን ወደ ታች ያወርዳል። በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች ሜትር ኩብ ይወጣል። የዚህ ጉዳት ከጉድጓዱ አልፎ ይሄዳል። ሩቅ ያሉ ረግረጎች እንዳይደርቁ ኩባንያው የተወሰነውን ውሃ አጣርቶ መልሶ ወደ መሬት ያስገባል። በአንድ እጅ መቅዳት፣ በሌላው እጅ ማፍሰስ።

አንድ ትንሽ እርማት ደግሞ ለፎቶ አንሺዎች። ከአድማስ ላይ ከማመንጫዎቹ የሚወጣ ነጭ ደመና ታያላችሁ። ሰው ሁሉ «ጭሱን እዩት» ይላል። ጭስ አይደለም፣ ከማቀዝቀዣ ማማ የሚወጣ የውሃ እንፋሎት ነው፤ የኒደራውሰሙ ማማ ብቻውን 200 ሜትር ቁመት አለው። ጎጂው ነገር አይታይም። አንድ ቶን የዚህ ከሰል ሲቃጠል አንድ ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ግማሹ ውሃ ሆኖ እንዴት እኩል ይወጣል ካላችሁ፣ ካርቦኑ ሲቃጠል ኦክስጅንን ከአየር ላይ ጨምሮ ስለሚወስድ ነው። የዚህ አካባቢ ጉድጓዶች የአውሮፓ ትልቁ የካርቦን ምንጭ ከሚባሉት ተርታ የሚሰለፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሲያበቃስ? ሃምባኽ ከሰል ማውጣቱን በ2029 እንዲያቆም ተወስኗል። ያን ጊዜ የሚሄደው ጉድጓድ ይቆማል፤ ሲቆም ደግሞ ሒሳቡ አይገጥምም። አስቡት፦ ከወጣው ውስጥ ከሰሉ ተቃጥሎ አየር ሆኗል። የመጀመሪያው አፈር ተራራ ሆኖ ዛፍ በቅሎበታል። የቀረውን አፈር ሁሉ ብትመልሱት ጉድጓዱን አይሞላውም። የጎደለው በውሃ ነው የሚሞላው። ከራይን ወንዝ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቧንቧ ተዘርግቶ ከ2030 ጀምሮ ውሃ ይለቀቅበታል። ለመሙላት አርባ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሲሞላ በውሃ ብዛት ከቦደን ሐይቅ ቀጥሎ የጀርመን ሁለተኛው ሐይቅ ይሆናል።

ለምን ዝም ብሎ የከርሰ ምድር ውሃው ራሱ እስኪሞላው አይጠበቅም? አንደኛ፣ በጣም ብዙ ዘመን ይፈጃል። ሁለተኛ፣ አደገኛ ነው። ውሃው ከመሬት ውስጥ ወደ ባዶው ጉድጓድ ሲገፋ የአፈሩን ግድግዳ ይዞት ይመጣል። ውሃ ከፊት ቶሎ ሲሞላ ግን ግድግዳውን ደግፎ ይይዘዋል። የተደፋ አፈር ላይ ያለ ዳርቻ ቀልድ አይደለም። በሐምሌ 2009 በምሥራቅ ጀርመን ናኽተርሽቴት በምትባል መንደር፣ በውሃ እየተሞላ ባለ የድሮ ከሰል ጉድጓድ ዳር ያለ መሬት ድንገት ተንሸራተተ። ቤቶችን ይዞ ገባ። ሦስት ሰው ሞተ። መመልከቻው ላይ «አጥሩን አትለፉ» የሚል ሰሌዳ ስታዩ ይሄን አስታውሱ። እኔ ለጥሩ ሰልፊ አጥር የሚዘል ሰው አይቻለሁ። ጀርመን አገር ሰሌዳ ይበዛል፣ አውቃለሁ፤ ይሄኛውን ግን አክብሩት።

መቼ ብትሄዱ ይሻላል? ማመንጫው ሌሊትና እሑድ ስለማይተኛ ማሽኖቹም በአብዛኛው ይሠራሉ። መነጽር፣ ማለት የሩቅ ማያውን፣ ያዙ። ያለሱ ግማሹ ያመልጣችኋል። ነፋስ አለ፣ በበጋም ቢሆን ጃኬት አይጠላም። ልጆች ካሉ ብስክሌት ጫኑ። ከኤልስዶርፍ አጠገብ ድሮ የኮንቬየር መስመር የነበረ 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አሁን የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ቀጥ ያለ፣ ለጥ ያለ። ቁጭ ብላችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት። ማሽኑ የቆመ ይመስላችኋል። ሻያችሁን ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ቦታውን ቀይሯል።

ከአጥር ውጭ ማየት ካልበቃችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ላውዚትስ ሂዱ። ቬልዞ የምትባለዋ ከተማ ማኅበር በሥራ ላይ ያለ ማውጫ ውስጥ ድረስ በሀይለኛ መኪና ይዞ ይገባል። ለእኔ የበለጠ የገረመኝ ግን ሊሽተርፌልድ ያለው ኤፍ 60 ነው። አፈሩን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግር የብረት ድልድይ ነው፣ 502 ሜትር ርዝመት አለው። ከኤፍል ማማ ስለሚረዝም «የተጋደመው ኤፍል» ይሉታል። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሠራው 13 ወር ብቻ ነው። ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ የከሰሉ ፍላጎት ወደቀ፣ በ1992 ቆመ። ዛሬ የራስ ቁር አድርጋችሁ ብረቱ ላይ ትራመዳላችሁ። ከፍታ የሚያዞራችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ወለሉ ወንፊት ነው፣ ከእግራችሁ ሥር መሬቱ ይታያል። ሙዚቃ የምትወዱ ደግሞ ፌሮፖሊስ አለላችሁ፤ አምስት የጡረታ ማሽኖች የኮንሰርት መድረክ ከበው ቆመዋል።

ለመሆኑ የሰው ቤት የፈረሰበትን ቦታ ለመዝናናት ማየት ነውር አይደለም ወይ? እኔም ጠይቄያለሁ። ነውሩ ያለው አይቶ ሳይጠይቁ መመለስ ላይ ይመስለኛል። የቤቴ መብራት ለዓመታት ከዚህ ጉድጓድ ሲመጣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ደግሞ ነገሩ ከእኛ አገር ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያም የዚህ ዓይነት ከሰል አላት። ጭልጋ፣ ጎንደር አጠገብ፣ አለ። ጅማ አካባቢ ድልቢና ሞዬ አለ። ኢሉባቦር ያዮ አለ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ በዶላር የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጡ እንዲተኩ ግፊቱ በርትቷል። የያዮ ነገር ደግሞ ከሃምባኽ ጋር ይመሳሰላል። ከሥሩ ከሰል አለ፣ ከላዩ ደግሞ የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን። ደኑ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ጋሼ በወጣትነታቸው በመቱ መስመር ሠርተዋል፣ ደኑን ያውቁታል። «ያዮን እንዲህ?» ብለው ወደ ጉድጓዱ አዩ። ልኩ እንደማይገናኝ ነገርኳቸው፣ የእኛው በብዙ ያነሰ ነው። ቢሆንም መልሰው ጠየቁኝ፣ «አፈሩን የት ሊደፉት ነው?»

በአንድ ከሰዓት የማዕድን መሐንዲስ ጥያቄ መጠየቅ ጀምረዋል።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ለድሮ የሥራ ባልደረባቸው ደወሉ። እሳቸውም ጡረታ የወጡ የገልባጭ ሹፌር ናቸው። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሁሉንም አወሩ። መዘውሩን፣ ተራራውን፣ የተቆፈረውን አውራ ጎዳና። በመጨረሻ «በደቂቃ 10 ሲኖ! አንድ ማሽን!» አሉ።

ከወዲያ ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ በስፒከር እንዲህ የሚል ድምፅ መጣ፦ «እዚያም ጫት ገባ እንዴ?»